ሠርጋችንን የታደመው ወንዝ

ባለፈው ሰሞን ከብሎካችን ፊት ለፊት አንድ የጭነት መኪና ቆሞ የባሕር ዛፍ አጣና አራገፈ። አዲስ ለሚሠራ ሱቅ ነው አሉ። ዝናብ ሲመታው ያደረ፣ ቅርፊቱ እንኳ በቅጡ ያልተላጠ እርጥብ እንጨት ነበር። እኔ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ አሰጣለሁ። ሽታው ደረጃ መውጣት ሳያስፈልገው ሽቅብ መጣና አፍንጫዬን ሞላው፤ አንሶላውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ባለቤቴ ታደሰ ሳሎን ቁጭ ብሎ ዜና ይሰማል። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰና፣ «ወርቄ፣ ሸተተሽ?» አለኝ።

«ሸተተኝ።»

«ግንዱ ሰፈር።»

«አዎ፣ ግንዱ ሰፈር» አልኩት፤ ከዚያ ምን እንዳሳቀን ሳንነጋገር ሁለታችንም መሳቅ ጀመርን። ሁለታችንም ያሰብነው ያንኑ ቀን ነበር።

የካ አባዶ ላይ ቆማችሁ ግንዱ ሰፈር የት ነው ብትሉ የሚነግራችሁ አታገኙም። እዚህ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣልን ሰዎች ከየአቅጣጫው ተጠራቅመን የመጣን ነን፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሰፈር በሆዱ ይዞ ነው የሚኖረው። የእኛው በፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ነበር። አስፋልቱ አልቆ ዳገቱ ሲጀምር፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ወንዝ በሁለት ገደል መሃል ገብቶ የሚጠብበት ቦታ አለ፤ እዚያ። ታች ያሉት ሰዎች ወንዙን ቀበና ይሉታል። እኛ ግን በስም አንጠራውም ነበር። ወንዙ ነው የምንለው፤ ልጅ አባቱን አባዬ እንጂ በስሙ እንደማይጠራው።

ሰፈሩን የቆረቆሩት አባባ ሽብሩ የሚባሉ የደን ዘበኛ ናቸው። እኔ ሳልወለድ ነው፤ የሰማሁትን ነው የማወራው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከሱሉልታ በኩል፣ ገበሬ ቅቤና ዶሮ ይዞ ወደ ከተማ ይወርዳል። ሴቶች ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ይወርዳሉ። በጋውን ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላና እስኪጎድል ድረስ ዳር ላይ መቀመጥ ነው። አባባ ሽብሩ ንፋስ የጣለው አንድ ግዙፍ ባሕር ዛፍ ሲያገኙ በበሬ አስጎተቱና ከዳር እስከ ዳር አጋደሙት። ላዩን በመጥረቢያ ጠርበው እግር እንዲይዝ አደረጉት። ከዚያ አጠገቡ ጎጆ ቀለሱ፤ ባለቤታቸው እማማ የሺም ለመንገደኛ ጠላና ቆሎ ማቅረብ ጀመሩ። ግንዱም ቢሆን ጎርፉ ሲበረታ ውኃ ይሄድበት ስለነበር መጠበቁ ጨርሶ አልቀረም። አባባ ሽብሩ ራሳቸው፣ «ይቺን ሰፈር የቆረቆርኳት እኔ አይደለሁም፤ መጠበቅ ነው» ይሉ ነበር። «ጎርፍ እስኪጎድል የተቀመጠ ሰው ይርበዋል። የራበው ይበላል። የበላ ያወራል። ያወራ ሰው ደግሞ ሌላ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።»

አባቴ አንጁሎም እንደዚያው ነው የመጣው። ከጋሞ ደጋ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ዘመዶቹ ዘንድ ሽመና ይሠራ ነበር። አንድ ክረምት ጋቢ ተሸክሞ ሊሸጥ ሲወጣ ወንዙ አገደው፤ እማማ የሺ ቤት ተቀምጦ ሲጠብቅ እዚያው ቦታ ለመነና ቤት ሠራ። ቀጥሎ ጋሽ ሸምሱ መጡ፤ ስልጤ ናቸው፤ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከፈቱ። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሣ ጋሽ ሸምሱ ሳሙና ለማውረድ ሲዞሩ ስኳሩ ይወድቅባቸው ነበር። የሰፈሩ ብቸኛ ሬድዮ የሳቸው ነበረች። መስኮቱ ላይ ወደ ወንዙ አዙረው ያስቀምጧታል፤ ወዲህም ማዶም ያለው ሰው ሙዚቃ ይሰማ ብለው ነው። ዜና ሲጀምር ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጉታል። «ይህን ሁሉም በየቤቱ ያውቀዋል» ይላሉ።

ወዲህና ማዶ አልኩ እንጂ ነገሩን አላስረዳሁም። ግንዱ ሰፈር ሁለት ነበር። ወዲህ እኛ ሸማኔዎቹ፣ ጋሽ ሸምሱና ከደቡብ የመጡ ሌሎች ቤተሰቦች ነበርን። ማዶ ደግሞ አህያ ጫኞቹ፣ እንጨት ነጋዴዎቹና ባለ ላሞቹ። ሁለት እድር፣ ሁለት የልጆች የኳስ ቡድን፣ ሁለት አፍ ነበረን። እነሱ እኛን «ክር ለቃሚ» ይሉናል፤ እኛ እነሱን «ጭራ ተከታይ»። ግንዱ ላይ ግን ሕግ ነበር፤ ሸክም ያለበት ይቀድማል፣ ነፍሰ ጡር ስትመጣ ሁሉም ይወርዳል፣ መሃል ላይ መሳደብ ክልክል ነው። ሁለት የተጣሉ ሰዎች ግንዱ ላይ ከተገናኙ አንዱ ወደ ኋላ እየሄደ መንገድ ይለቃል፤ ዳር ሲደርሱ ያቆሙትን ስድብ ይቀጥላሉ።

አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ግን ስድቡ አይደለም። ዓርብ ከሰዓት አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ሲሸምን መወርወሪያው የሚያሰማው ድምፅ ነው። ጋሽ ሸምሱ በር ላይ አምስት ሳንቲም ከፍለን የምንገዛት ትኩስ ፓስቲ ናት፤ ዘይቷ ወረቀቱን አልፎ መዳፍ ላይ ይደርስ ነበር። ያኔ በስሙኒ ሻይና ዳቦ ቀምሰህ መልስ ይተርፍሃል። ወንዶቹ ጠጉራቸውን እንደ ጎጆ ክዳን አንጨፍርረው፣ ታችኛው ጫፉ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ይለብሱ ነበር፤ ግንዱን ሲሻገሩ በሁለት እጃቸው እንደ ቀሚስ ሰብስበው ነው። እኛ ሴቶቹ ጠጉራችንን በቫዝሊን አብረቅርቀን፣ ሸራ ጫማችንን በጠመኔ አንጥተን እሑድ እሑድ ዳር ላይ እንቆማለን። ምን ልናይ ነው ብትሉ፣ ማዶን ነዋ!

ማዶ ታደሰ ነበር። ታደሰ ውይይት ይነዳል። የዛሬ ልጆች ውይይትን አያውቁትም፤ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት የተገጠመበት ትንሽ መኪና ነው። ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ስለሚቀመጥ ሳያወራ የሚወርድ የለም፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣ። እኔ የአባቴን ነጠላና ጋቢ ይዤ ወደ ገበያ ስወርድ በሱ መኪና እሳፈር ነበር። ሌላው ሾፌር ጥቅሌን ጣሪያ ላይ ይወረውርብኛል። ታደሰ ግን ጋቢናው ውስጥ አጠገቡ፣ ሰው እንደሚያስቀምጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን፣ «ለጥቅሉ ይህን ያህል የምትጨነቀው ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ጥቅሉ መቼ ይናገራል» አለኝ መንገዱን እያየ። «ባለቤቷን ጋቢና ግቢ ብላት እምቢ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነው።»

በሚቀጥለው ጊዜ ጥቅሉ ከኋላ ሄደ፤ እኔ ጋቢና ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ማታ መኪናውን ማዶ ሲያቆም ጥሩንባውን አንዴ ይነፋል። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «የዚያ ሰውዬ መኪና ፍሬኑ ጥሩንባው ላይ ነው እንዴ?» ትላለች፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እስቃለሁ።

ሽማግሌ ሲላክ ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም። የታደሰ አባት ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጉት አጎቱ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። የማዶ ትልቁ ሰው ናቸው፤ ብዙ አህያ፣ ረጅም ዘንግና ከራሳቸው የማይለይ ግራጫ ባርኔጣ ነበራቸው። «ከሸማኔ ቤት ምን አገናኘን?» አሉ። ያኔ ሸማኔ የሚናቅበት ዘመን ጅራቱ ገና አልተቆረጠም ነበር። ቃሉ ወንዙን ተሻግሮ አባቴ ጆሮ ደረሰ። አባቴ አልተቆጣም። ሥራውን አቆመና ለጥቂት ጊዜ እጁን አየ፤ ከዚያ፣ «ወርቄ፣ የቀሚስሽ ጥለት ምን ዓይነት ይሁን?» አለኝ።

«አባዬ፣ እምቢ ብለዋል እኮ።»

«እሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት። ልጁ እምቢ አላለም። ጥለቱን ንገሪኝ።»

ታደሰ በበኩሉ አጎቱ ቤት መብላት አቆመ፤ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብሎ ያድራል አሉ። ሽማግሌዎቹም ተመላለሱ። በመጨረሻ ጋሽ መኩሪያ በግማሽ አፋቸው እሺ አሉ፤ «ግን ያለ እግዜር ፈቃድ የሆነ ነገር እንደሆነ ምልክቱን ያሳየናል» የምትል ሐረግ ጨመሩበት። ሠርጉ ግንቦት ውስጥ ለአንድ እሑድ ተቆረጠ።

ግንቦት ነው፤ ማን ጎርፍ ይጠብቃል! ደጃችን ላይ በባሕር ዛፍ ቅጠል ዳስ ተጣለ። ዶሮው ተሠርቷል፣ ጠላው ደርሷል፣ ለነጋሽ ሸምሱ ለብቻ የታረደው በግ እሳቸው በላኳት ሴት እጅ ተወጥውጧል። ጠዋቱን ሰፈሩ ላይ ፀሐይ እንደ ወርቅ ፈሰሰ። እንጦጦ ራስጌው ላይ ግን ደመናው ጠቁሯል። እኔ ጓዳ ውስጥ አባቴ የሠራልኝን ቀሚስ ለብሼ፣ ሚዜዬ አስካለ ጠጉሬን እያስተካከለችልኝ፣ ከላይ ጉርምርምታ ሰማሁ። መኪና መሰለኝ። አስካለ እጇን ከጠጉሬ ላይ አነሣች። «ወርቄ፣ ይሄ ወንዙ ነው» አለች።

ወጥታ አይታ ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል። ጎርፉ እንደ ግድግዳ ቆሞ ወረደ አለችኝ። ግንዱን ከመቀመጫው አንሥቶ እንደ ክብሪት እንጨት አሽከረከረው፤ በአንድ ጊዜ ወሰደው። እኛ ጠብታ ዝናብ ሳይነካን መሻገሪያችን ሄደ። ወዲያው ደግሞ ከማዶ የታደሰ ጥሩንባ ተሰማ፤ ሠርገኛው ደርሷል።

ታች ባለው በአስፋልቱ ድልድይ ዞረው ለምን አልመጡም ትሉ ይሆናል። ያን ቀን ከተማው ውስጥ ትልቅ ሰልፍ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰልፍ አይጠፋም። መንገዱ እስከ ማታ ተዘግቷል። ሠርገኛው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ አበባ ከተሰካበት ውይይት ወርዶ፣ ማዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድሮ ቆመ። የኛ ሰዎች ወዲህ ተደረደሩ። መሃል ላይ ቀይ ውኃ ያጓራል። ጋሽ መኩሪያ ዘንጋቸውን አነሡና እንዲህ ብለው ጮኹ፤ «ወንዙ እምቢ አለ! ምልክት አላልኩም? ሠርገኛ፣ ወደየቤትህ ተመለስ!»

ይህን ከጓዳ ሆኜ ሰማሁት። ሙሽራ ሳትጠራ ከጓዳ አትወጣም፤ ነውር ነው። ያ ቀን ካለፈ ግን ሁለተኛ ቀን እንደማይቆረጥ ገባኝ። ሠርገኛ አንዴ ከተመለሰ ስሜ «ወንዝ እምቢ ያላት» ሆኖ ይቀራል፤ የአባቴ የወራት ድካም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ተነሣሁ። አስካለ በጥለቴ ያዘችኝ፤ ለቀቀችኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ በዳሱ መሃል ሰንጥቄ ወንዙ ዳር ወጣሁ። ሴቶቹ «ኡ!» አሉ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ታደሰ!» ብዬ ጮኽኩ። «ትመለሳለህ?»

ውኃው ድምፄን እየበላው ነው፤ ሰምቶኝ እንደሆነም አላወቅሁም። ታደሰ ያን ቀን አዲስ ያሠራውን ሙሉ ልብስ ነው የለበሰው። እዚያው ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «ይኸው ተቀምጫለሁ!» ሲል ሰማሁት። «ከዚህ የምነሣው አንቺን ይዤ ብቻ ነው!»

ሚዜዎቹ ተያዩና አንድ በአንድ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ የቆሙት ጋሽ መኩሪያ ብቻ ሆኑ። አባባ ሽብሩ ያኔ አርጅተዋል፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ወንዙን አዩትና፣ «ይሄ የበልግ ጎርፍ ነው። ፎክሮ የሚያልፍ ነው። ከሰዓት ይጎድላል» አሉ። ከዚያ ወደኛ ዞረው፣ «እስከዚያ ግን ማዶ ያለው እንግዳ ጦሙን ሊውል ነው?» አሉ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ቤት ገባና የድር ጥቅል ይዞ ወጣ። ክሩን ደራርቦ አከረረው፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ አሠረ። «ይቺን ካሻገርን እነሱ መጫኛቸውን ያሥሩባታል፤ እኛ እንጎትታለን» አለ። መጫኛ አህያ የሚጫንበት ወፍራም ገመድ ነው፤ ማዶ የማይጠፋ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ወንዶቹ ቢወረውሩ ቢወረውሩ ድንጋዩ ውኃው ውስጥ ይገባል። ያኔ አስካለ የሚዜ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ «ወዲያ በሉ!» አለች። አስካለ ልጅነቷን ዝንጀሮ ስትጠብቅ ያሳለፈች የወንጭፍ ልጅ ናት። አሽከረከረችና ለቀቀችው። ድንጋዩ ክሩን እየጎተተ በአየር ላይ ሄደና የጋሽ መኩሪያን ባርኔጣ ከራሳቸው ላይ አንሥቶ ወሰደው።

ባርኔጣው ገደሉን ተንከባልሎ ውኃው ላይ አረፈና እንደ ጀልባ እየተንሳፈፈ ወደ ታች ሄደ። ጋሽ መኩሪያ ለስንት ዓመት ማንም ያላየውን ራሰ በራቸውን በእጃቸው ዳሰሱት። መጀመሪያ ከመሃላቸው አንዲት አሮጊት ሳቀች። ከዚያ ማዶ በሙሉ፣ ከዚያ እኛ። ጋሽ መኩሪያ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር፤ ዘንጋቸውን ጥለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ይቺ ልጅ ለኔ ብትሆን ኖሮ ጅብ አህያዬን አይበላም ነበር!» አሉ። ክሩንም ከጭቃው ላይ አንሥተው መጫኛውን በገዛ እጃቸው አሠሩበት።

ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ተወጠረና ቅርጫት ተንጠለጠለበት። መጀመሪያ ድፎ ዳቦ ሄደ፤ ቀጥሎ ዶሮ ወጥ በድስቱ፣ ጠላ በጀሪካን፣ ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ከረሜላ በወረቀት። ከነሱም የሙሽሪት ጫማ፣ ሽቶና አንድ ማሰሮ ቅቤ መጣ። የሠርጉ ዘፈን ሊቀር ነው ብለን ነበር፤ ሴቶቻችን አይቀርም ብለው ወንዙን ተሻግሮ የሚሰማ ግጥም ጀመሩ፤

«ዋና ካልቻላችሁ ምነው ብትቀሩ፣
እንደ እንሥራ ወንዝ ዳር ከምትደረደሩ!»

ማዶዎቹ ጥቂት ተንሾካሾኩና መለሱ፤

«እኛስ መጥተን ነበር በወግ በማዕረጉ፣
ወንዙ ቀድሞን ሰክሮ ገባ ከሠርጉ!»

እንዲህ እየተቀባበሉ፣ እዚያም እዚህም እየተጨፈረ ዋለ። እንደዚያ ቀን ያለ ጭፈራ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። የኛ ሰው እስክስታ ሲወርድ የነሱ ከማዶ ያጨበጭባል። የጋሞ ዘመዶቻችን በራሳቸው ዘፈን ሲነሡ ማዶዎቹ ቃሉን ሳያውቁ ዜማውን ይዘው ተከተሉ። ጭራ ተከታይ ማን ነው፣ ክር ለቃሚ ማን ነው፣ ያን ቀን የጠየቀ የለም።

ከሰዓት ውኃው አባባ ሽብሩ እንዳሉት ጎደለ። ወንዶቹ ገመዱን ይዘው ገቡ፤ ቀድመው የገቡት ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ውኃው እስከ ወገባቸው ነበር። ሲወጡ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። አባቴ ሣጥን ከፈተና ገና ማንም ያልለበሰውን ጋቢ አምጥቶ አለበሳቸው። ሰውዬው በጋቢው ጫፍ ፊታቸውን ጠራረጉ፣ ጨርቁን በጣታቸው አሹት፣ ጥለቱን አዩት።

«አንጁሎ፣ ይህን በእጅህ ነው የሠራኸው?»

«በእጄም በእግሬም» አለ አባቴ። ሸማኔ በእግሩም ነው የሚሠራው።

ጋሽ መኩሪያ የጋቢውን ሌላኛውን ጫፍ ገልብጠው አዩ። ሰው ሁሉ ምን ይላሉ ብሎ ይጠብቃል። «እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ ጋቢውን ወደ አንገታቸው ሰብስበው፣ «ከዚህ ውስጥ ሆኜ ምን ክፉ ልናገር እችላለሁ! ልጁን ጥሩት፤ ቃል ይታሠር።»

ታደሰ ልብሱ ከራሱ እስከ እግሩ ርሶ፣ የአባቴን ሱሪና የጋሽ ሸምሱን ሹራብ ለብሶ አገባኝ። ሱሪው አጥሮ ቁርጭምጭሚቱ ይታይ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺ ስላልነበረን ማረጋገጫ የለኝም፤ ግን ከዚያ የበለጠ ያማረ ሙሽራ አይቼ አላውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እኔን ይዘው መሻገር ነበረባቸው። ሚዜው ሊሸከመኝ ቀረበ። አባቴ ግን፣ «በእግሯ ትሂድ፤ እኔ እይዛታለሁ» አለ። አባት ቤቱ ቁጭ ብሎ መርቆ ነው ልጁን የሚሸኘው። አባቴ ሱሪውን ጠቅልሎ ገመዱን በአንድ እጁ፣ እኔን በሌላው ይዞ ውኃው ውስጥ ገባ። ቀሚሴን እናቴ ወገቤ ላይ አሥራልኛለች። ታደሰ ቀድሞ ተሻግሮ፣ በማዶ በኩል ገብቶ መሃል ላይ ጠበቀን። ውኃው እግራችንን ይገፋል።

«እስከዚህ የኔ ናት፣ ከዚህ ወዲያ ያንተ ናት ልልህ ነበር» አለው። «ግን ወንዝ መሃል ላይ ድንበሩን ማን ያውቀዋል? የሁላችንም ናት።» እጄን በእጁ ላይ አኖረልን። ቶሎ አልለቀቀም። ሁለት ዳር ላይ የቆመው ሰው እልል አለ፤ እኔ ውኃው መሃል ቆሜ እያለቀስኩ እስቅ ነበር።

ግንዱ ከዚያ ወዲያ አልተተካም። በዚያው ክረምት ማግሥት ሁለቱ እድሮች አንድ ሆኑና የድንጋይ ድልድይ ሠሩ። ድንጋዩን የጋሽ መኩሪያ አህዮች አመላለሱት። እሳቸው ራሳቸው ጋቢያቸውን ለብሰው በየቀኑ እየመጡ ግንበኛውን ሥራ ያስፈቱታል፤ «ጠበቅ አድርገህ፣ የልጅ ልጆቼ የሚሄዱበት ነው!» እያሉ። በድልድዩ ላይ ልጆቼን ይዤ አባቴ ቤት ተመላልሻለሁ፤ የአባቴ አስክሬንም፣ የጋሽ መኩሪያም ያለፈው በዚያው ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ወዲህና ማዶ አንድ ላይ አለቀሰ። በኋላ የወንዙ ዳርቻ ሊለማ ነው ተባለና ሰፈሩ ተነሣ። እኛ አባዶ ደረሰን፤ አስካለ መሪ የሚባለው ሰፈር ገባች፤ የጋሽ ሸምሱ ልጆች ትልቅ ሱቅ ከፍተዋል። መጀመሪያ ላይ ከፍቶኝ ነበር፤ አልዋሽም። አራተኛ ፎቅ ላይ የቧንቧ ውኃ ስከፍት ግን ቅሬታዬን ቶሎ ረሳሁት።

እንጨቱ በሸተተን ማግሥት ታደሰ፣ «ለምን ሄደን አናየውም?» አለኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሚኒባስ ተሳፈርን። መገናኛ ወረድን፣ ሌላ ያዝን፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስንደርስ ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣነው። ቦታው ሣር ተተክሎበታል፤ በድንጋይ የተነጠፈ የእግር መንገድ አለው። ድልድዩ በአዲስ ተሠርቶ ሰፍቷል። እዚያ ላይ አንድ ሙሽራና ሙሽሪት ከነሚዜዎቻቸው ፎቶ ይነሣሉ።

ዞር ብለን ልናልፍ ስንል ፎቶ አንሺው፣ «እናትና አባት፣ ይቅርታ፣ ፍሬም ውስጥ ገባችሁ» አለን።

«ልጄ፣ ከአንተ በፊት ነው የገባነው» አለው ታደሰ። «እኛም እዚህ ነው የተጋባነው።»

ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ ወደኛ መጣች። «ሲሪየስሊ? እዚህ ድልድዩ ላይ?»

«ድልድይ አልነበረም። ውኃው ውስጥ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ማን ይለቀናል! ሚዜዎቹ ከበቡን፤ ታሪኩን ታደሰ ይጀምረዋል፣ እኔ አርመዋለሁ፣ እሱ ይጨምርበታል። ባርኔጣው ላይ ስንደርስ ፎቶ አንሺው ራሱ ካሜራውን አውርዶ ይስቅ ነበር። ሙሽሪት፣ «ይመርቁን» አለችኝ። ድልድዩ ላይ ተንበረከኩልን፤ እኔ መረቅኋቸው፤ ታደሰ ከልጆቹ ጋር «አሜን» እያለ ተቀበለኝ። ከዚያ አንዱ ሚዜ የመኪናውን ሙዚቃ ከፈተው። ልጆቹ ክብ ሠሩና እኛን መሃል አስገቡን። ታደሰ አየኝ። «ጉልበትህን አስብ» አልኩት። አላሰበም። እኔም አላሰብኩም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ፣ ከማላውቃቸው ልጆች መሃል፣ በማላውቀው ዘፈን፣ ትንፋሼ እስኪያጥረኝ ድረስ ጨፈርኩ።

ሲመሻሽ ቤታችን ገብተን ሶፋው ላይ ተዘረርን። ልጄ ሥራ ውላ ስትመጣ እኛን ጉልበታችንን ይዘን ስናቃስት አገኘችን። ቅባት አምጥታ ጉልበቴን እያሸች፣ «እማዬ፣ ምን ሆናችሁ ነው? የት ሄዳችሁ ነው?» አለችኝ።

«ሠርግ ነበረብን» አልኳት።

«የማን?»

ታደሰ ከወዲያኛው ሶፋ ላይ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «የኛ» አላት።